ፍሬኑ አየር ሲይዝ

ፔዳሉ ሲረገጥ ለስልሶ ወደ ታች ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲረግጡት ግን ይነሳና ይጠነክራል። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ አየር ነው። የፍሬን ዘይት ስለማይታመቅ የእግርን ጉልበት እንዳለ እስከ ጎማው ያደርሳል፤ አየር ግን ይታመቅና ጉልበቱን መንገድ ላይ ይበላዋል።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ሞተሩን አስነሱና ፔዳሉን ረግጣችሁ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ሳትለቁ ያዙት። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ችግሩ አየር ሳይሆን ፍሳሽ ነው፤ ወይ ወደ ውጭ ያፈሳል፣ ወይ የማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) ጎሚኒ፣ ማለትም የጎማ ማሸጊያው፣ አልቆ ዘይቱን ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል። ዝቅ ብሎ ከያዘ በኋላ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው፣ ሸራው ተጭኖ ከሚያቆመው ከበሮ) ርቋል፣ ማስተካከል ነው የሚፈልገው። ሁለቱም አየር በማስወጣት አይድኑም።

አየር ከሆነም የገባበት ቦታ አለ፤ ደህና ፍሬን በራሱ አየር አያስገባም። ዘይቱን ሞልቶ አየሩን አስወጥቶ መሸኘት የግማሽ ሥራ ነው፣ በሳምንቱ ይመለሳል። የኋላ ታምቡሩን አውልቁና ሸራውን የሚገፋውን ትንሽ ሲሊንደር አቧራ መከላከያ ጎማ ጫፉን በቀጭን እንጨት ከፍ አድርጋችሁ እዩ። ከሥሩ ርሶ ከተገኘ ሲሊንደሩ አልቋል። በየመንኮራኩሩ አጠገብ ያሉትን የጎማ ቱቦዎችና የማስተሩን ሥርም እዩ።

ከጎሐ ጽዮን አባይ በረሃን በሙሉ ጭነት ወርዶ ፔዳሉ የጠፋ፣ ሲበርድ ደግሞ የተመለሰ መኪና ግን ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ስለሠራ ነው፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይታመቃል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያ ልኩ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ስለዚህ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፤ ቁልቁለቱንም በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ መውረድ ነው። ለመቀየር አንድ ሊትር፣ አየር ብቻ ለማስወጣት ግማሽ ሊትር ይበቃል። ተከፍቶ ወራት የቆየ ጠርሙስ አትጠቀሙ፣ የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ አይግባ፤ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

የአየር ማስወጫው ቡሎን አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 10 ቁጥር ነው። ዝጎ ከያዘ ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ንፉበት፣ ቀለበት ቁልፍ ተጠቀሙ፤ ክፍት ቁልፍ ጠርዙን ይበላዋል። መሪው በግራ በሆነ መኪና በተለምዶ የሚጀመረው ከማስተሩ ከሚርቀው ነው፤ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ።

ቡሎኑ ላይ ውስጡን የሚያሳይ የላስቲክ ቱቦ ሰክታችሁ ጫፉን ሁለት ጣት ያህል ንጹሕ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። አንዱ ፔዳሉ ላይ፣ አንዱ ጎማው ሥር። «ርገጥ!» ሲባል ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብሎ ይረግጣል፤ «ያዝ!» ሲባል ተጭኖ ይቆያል። ያኔ ቡሎኑ ሩብ ዙር ይከፈታል፣ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ቡሎኑ ይዘጋል፤ «ልቀቅ!» የሚባለው ከተዘጋ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከለቀቀ ማስተሩ ያስወጣችሁትን አየር መልሶ ይስባል። ሥራው የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው።

በቱቦው መጀመሪያ ቡና የመሰለ ዘይት፣ ከዚያ እንደ ጨሌ የተደረደሩ አረፋዎች፣ በመጨረሻ እንደ ጠጅ የጠራ ዘይት ይመጣል። አረፋው ከጠፋ በኋላም ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። በየአምስት ርግጫው ማስተሩ ላይ ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ ሙሉ፤ አንዴ ከደረቀ ከመጀመሪያው ጎማ እንደገና ነው።

መኪናው ያረጀ ከሆነ ፔዳሉ ሥር የእንጨት ቁራጭ አስገቡ። እስከ ወለሉ ከተረገጠ ጎሚኒው ሄዶበት የማያውቀውን የዛገ ቦታ ነክቶ ይቆረጣል፤ ለአየር ተብሎ ማስተር ይገዛል።

ሁሉም በትክክል ተሠርቶ ፔዳሉ አሁንም ከለሰለሰ የፊት ካሊፐሮቹን (የፊት ዲስኮቹን የሚጨብጡትን) እዩ። ቡሎኑ ከላይ መሆን አለበት። ግራና ቀኙ ተቀያይረው ከታሰሩ ቡሎኑ ከታች ይሆንና አየሩ ከላይ ይቀራል። ሃይሉክስና የጭነት መቆጣጠሪያ ቫልቭ ያላቸው ሌሎች መኪኖች ደግሞ ከኋላው አክሰል በላይ በዚያው ቫልቭ ላይ ሌላ ማስወጫ ሊኖራቸው ይችላል፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እነዚህን አክሰሉ ተንጠልጥሎ አትሥሯቸው፣ ቫልቩ ዘይቱን ያንቀዋል። ኤቢኤስ (ጎማ ሲፈረን እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው መኪና ውስጥ አየሩ ቫልቭ ሳጥኑ ጋ ከገባ በዚህ ዘዴ ብቻ ላይወጣ ይችላል፣ የመመርመሪያ ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ቡሎኖቹን ስታጠብቁ በእጅ አንጓ ጉልበት ብቻ፣ ወደ 8 ኒውተን ሜትር፤ ውስጣቸው ባዶ ስለሆነ በቀላሉ ይቆረጣሉ። ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያው በውሃ ይታጠብ፣ ቀለም ይልጣል። መኪናውን መጀመሪያ በግቢ ውስጥ በእግር ፍጥነት ሞክሩ። በማግስቱ ጠዋት ከመንቀሳቀሱ በፊት የዘይቱን ልክና የአራቱንም ጎማ ውስጠኛ ገጽ እዩ፤ ልኩ ከወረደ መኪናው አይንቀሳቀስ።