እምነትና እርካታን ያለያየሁበት መንገድ

በመጨረሻ ተለያዩ! ለጥናቴ ተጠቃሚዎች በአንድ ሲስተም ላይ ያላቸውን እምነትና እርካታ በመጠይቅ እለካለሁ፤ በአዲሱ ፓይለት (የሙከራ ዙር) የሁለቱ ኤችቲኤምቲ (ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ የሚያሳይ ቁጥር፤ ሲያንስ ይሻላል) ከ0.85 በታች ወርዷል። እዚህ ለመድረስ የፈጀብኝን ጊዜ ቤት ይቁጠረው። የፓይለት ናሙና ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልፎክርም፤ ግን ደስ ብሎኛል።

የማስተርሱን የመጀመሪያ ኮርሶች በዝርዝር አላወራችሁም። የዴቪስ ታም (ሰዎች ቴክኖሎጂን ለምን እንደሚቀበሉ የሚያስረዳ ሞዴል፣ 1989)፣ የዴሎንና ማክሊን የኢንፎርሜሽን ሲስተም ስኬት ሞዴል (1992፣ ተሻሽሎ 2003)፣ ዩታውት (ታምንና መሰሎቹን ያዋሃደው፣ 2003)... ሁላችንም የምናልፍበት ነው። ብቻ ታም ላይ አንድ ሳጥን (አንድ ተጨማሪ ጽንሰ ሐሳብ) ለጥፎ «አዲስ ሞዴል አመጣሁ» ማለት ይብቃን። የታም ቀላልነት ራሱ ድክመቱ እንደሆነ ተመራማሪው ባጎዚ ገና በ2007 ተናግሮ ጨርሷል። (እኔስ? ሰዎች ሲስተም መጠቀማቸውን ለምን እንደሚቀጥሉ በሚያስረዳው የባታቸርጂ የ2001 የቀጣይነት ሞዴል ላይ እምነትን ለጥፌያለሁ። ቢያንስ ታም አይደለም እያልኩ እጽናናለሁ።) ለሊትሬቸር ሪቪው ደግሞ የዌብስተርና ዋትሰንን ሰንጠረዥ ያዙ፤ ጽሑፎቹን ወደ ታች፣ ጽንሰ ሐሳቦቹን ወደ ጎን። ኤክሴል ይበቃል።

አላላውስ ያለኝ መጠይቁ ነው። ክሮንባክ አልፋ (የጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማት) ከ0.7 በላይ፣ ኤቪኢ (ጽንሰ ሐሳቡ ከጥያቄዎቹ ልዩነት የሚያስረዳው ድርሻ) ከ0.5 በላይ፣ ጽንሰ ሐሳቦች መለያየታቸውን የሚፈትሸውን የፎርኔልና ላርከር መስፈርትም አልፏል። ኤችቲኤምቲ ግን ከ0.90 አልወርድ አለ። ሄንስለርና ባልደረቦቹ በ2015 ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የፎርኔልና ላርከር መለኪያ ያልተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን ብዙ ጊዜ ሳያያቸው ያልፋል። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ምክሩ አንድ ነበር፦ «ጥያቄ ቀንስ፣ እንደገና አስኪደው።» ይኼን ምክር አልወደውም። ቁጥሩ እስኪያምር ድረስ ጥያቄ እየጣሉ መሄድ በመጨረሻ ምን እንደለኩ ሳያውቁ መቅረት ነው።

እስቲ ጥያቄዎቹን ተመልከቱ። እምነት ሥር፦ «ሲስተሙ ቃል የገባውን አገልግሎት ይሰጠኛል።» እርካታ ሥር፦ «ሲስተሙ የሚጠበቅበትን አገልግሎት ይሰጠኛል።» መላሹ ለሁለቱም አራት ቁጥርን ከማክበብ ሌላ ምን ያድርግ? ስማርት ፒኤልኤስ (የመተንተኛ ሶፍትዌሩ) ላይ ምንም ብትነካኩ ይኼ አይስተካከልም።

መፍትሔው የመጣው ከወረቀት ነው። ሙርና ቤንባሳት በ1991 መጠይቃቸውን ሲያዘጋጁ ካርድ ያስደረድሩ ነበር። እያንዳንዱን ጥያቄ በትንሽ ካርድ ላይ ጻፉ፣ በውዙት፣ ሞዴላችሁን ለማያውቅ ሰው ስጡት። የጽንሰ ሐሳቦቹን ስም አትንገሩት፤ ይመሳሰላሉ ያላቸውን በየክምሩ ያስቀምጥ፣ ለክምሩም ስም ያውጣ። እናንተ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ፤ እኔ ማስረዳት ያምረኛል። አንዷ ደርዳሪ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን ይዛ «ይኼኛው ከዚያኛው በምን ይለያል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌላው ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ ከምሮ «ጥሩ ይሠራል» የሚል ስም ሰጣቸው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ውጤት ከየትኛውም ሶፍትዌር አላገኘሁም።

ከዚያ ጥያቄዎቹን እንደ አዲስ ጻፍኳቸው። እርካታ እስካሁን ባለው አጠቃቀም ላይ ያለ ስሜት ነው፤ ባታቸርጂም የለካው በተቃራኒ ቅጽሎች ነበር። እኔም እንደዚያው «በአጠቃቀሜ በጣም ተከፍቻለሁ / በጣም ረክቻለሁ» አልኩት። እምነት ግን ጉዳት ሊደርስ በሚችልበት ነገር ላይ መደገፍን ይጠይቃል፦ «እኔ ባልቆጣጠረውም ሲስተሙ መረጃዬን ለሌላ አሳልፎ አይሰጥም።» ካርዶቹ ያለ ክርክር ለሁለት ተከፈሉ፤ ፓይለቱም ተከተላቸው።

ደርዳሪ ስትመርጡ የክፍል ጓደኞቻችሁን ተዉ። ያነበቡት እናንተ ያነበባችሁትን ስለሆነ «ይኼ እምነት ነው» ብለው ይገምቱላችኋል። የስታትስቲክስ ምክር ግን ከእኔ አትጠብቁ፤ ቡትስትራፒንግ (ከራሱ ከናሙናው ደጋግሞ እየመረጡ ማስላት) እንዴት እንደሚሠራ የማውቀው ዲፌንስ ላይ ቢጠይቁኝ ላለማፈር ያህል ነው። አማካሪዬ ይህን እንደማያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን ከሞዴሉ ጽንሰ ሐሳቦች የቀሩኝ «ጠቃሚነት» እና «የጠበቁትን ማግኘት» ናቸው፤ እነሱም መጠጋጋት ጀምረዋል። ዋናውን መጠይቅ ከመበተኔ በፊት ሌላ ዙር ማስደርደር አለብኝ። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ያልተማረ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።