ዜጋ ስሆን የልጄ ወረፋ ረዘመ

ልጄን የ23 ዓመት ወጣት ሆና አዲስ አበባ ትቻት ነው አሜሪካ የመጣሁት። ግሪን ካርዴን እንዳገኘሁ እሷም እንድትመጣ ማመልከቻዋን አስገባሁ። ማርች 2015 ነበር። ያ ቀን ፕራዮሪቲ ዴት ይባላል፤ የወረፋ ቁጥሯ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ወር በመጣ ቁጥር ቪዛ ቡለቲን የሚባለውን፣ የአሜሪካ መንግሥት የቪዛ ወረፋ የት እንደደረሰ የሚያወጣበትን ሰሌዳ አያለሁ። እዚያ ላይ የተጻፈው ቀን የእሷን ቀን ካለፈ ተራዋ ደረሰ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ቀን ከዛሬ ቀንሼ "ይህን ያህል ዓመት ቀራት" እላት ነበር። ስህተት ነው። ቪዛው በዓመት የተወሰነ ስለሆነ፣ አመልካች ሲበዛ ቀኑ ለወራት ባለበት ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል።

በ2020 ዜግነት ወሰድኩ። "አሁን ይፈጥናል" ብዬ እልል አልኩ። ለትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ እውነት ነው። የእኔ ልጅ ግን ከኤፍ2ቢ (ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ 21 ዓመት የሞላው ያላገባ ልጅ ወረፋ) ወደ ኤፍ1 (የዜጋ ወላጅ 21 ዓመት የሞላው ያላገባ ልጅ ወረፋ) ተዛወረች። 2022ን ሙሉ ኤፍ1 ዲሴምበር 1 ቀን 2014 ላይ ቆሞ ከረመ። የተወችው ኤፍ2ቢ ደግሞ ሴፕቴምበር 22 ቀን 2015 ላይ ነበር። ባትዛወር ኖሮ ተራዋ ደርሶ ነበር! ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

መፍትሔ እንዳለው የነገረችኝ አንዲት ጠበቃ ናት። ልጅ በወላጅ ዜግነት ምክንያት ወደ ኤፍ1 ስትዛወር "በኤፍ2ቢ ልቆይ" ብላ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላለች። ልጄ ፈርማ ለኢሚግሬሽን ላክን። ተፈቀደላት። ዜግነቴ አልተነካም።

የከበደኝ ሌላ ነበር። "እማዬ፣ ሽማግሌ ሊልኩ ነው" ብላ ደወለች። በኤፍ2ቢ የምትጠብቅ ልጅ ማግባት የለባትም። እኔ ዜጋ ሳልሆን አግብታ ቢሆን ደግሞ ማመልከቻው ከነጭራሹ ይወድቅ ነበር። ይህን ገና ከመጀመሪያው ልነግራት ሲገባኝ አልነገርኳትም። የልጁን እናት ራሴ ደውዬ ለመንኳቸው። "ልጆቹ ከተዋደዱ ይጠብቃሉ" አሉኝ፤ እግዜር ይስጣቸው።

በ2023 ገባች። በማግስቱ ዓመት ተመልሳ ሄዳ ተሞሸረች። አሁን ለባሏ አስገብታ፣ ኤፍ2ኤ የሚለውን፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው የትዳር ጓደኛ የሚጠብቅበትን ረድፍ በየወሩ አብረን እናያለን።