መምህሩ ራሱን የሚመዝንበት ቅጽ በማን እጅ ይሁን?

ብዙ ትምህርት ቤቶች በሴሚስተሩ መጨረሻ የጉግል ፎርም ሊንክ በመምህራን የቴሌግራም ግሩፕ ይለቃሉ። ሃያ ሠላሳ ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሞላል። ውጤቱ ሲከፈት ሁሉም 4 እና 5 ነው። በዚህ መረጃ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ፋይል ሆኖ ይቀራል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣም «ግለ ግምገማ ተካሂዷል» ተብሎ ይቀርባል።

መምህራኑ ዋሹ ብሎ መደምደም ልክ አይደለም። ፎርሙን የፈጠረው ሰው የሁሉንም መልስ ያያል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው ርእሰ መምህር ወይም ምክትሉ ነው። የደረጃ እድገቱ በዚያ ነጥብ የሚወሰን መምህር ራሱን 2 ብሎ እንዲሞላ መጠበቅ ፍትሐዊም አይደለም። ስለዚህ ጥያቄ ከመጻፍ በፊት ቅጹ የማን እንደሚሆን መወሰን አለበት። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የግል ውጤቱ ከመምህሩ እጅ አይወጣም፤ ለትምህርት ክፍሉ የሚደርሰው ስም የሌለው ድምር ብቻ ነው። ለዚህም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ያስፈልጋሉ።

አንደኛው የግል ሺት ነው። አንድ ሰው ናሙናውን በጉግል ሺት (በኢንተርኔት በሚሠራ የሠንጠረዥ ፋይል) ያዘጋጅና ሊንኩ ያለው ሁሉ ማየት ብቻ እንዲችል ያደርገዋል። ከዚያ በሊንኩ መጨረሻ «ኤዲት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና ከእሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ያጠፋና በቦታው «ኮፒ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል። መምህሩ ይህን ሊንክ ሲከፍት በራሱ አካውንት የራሱ ቅጂ ይፈጠርለታል፤ ናሙናውን ያዘጋጀው ሰው ቅጂውን ሊያየው አይችልም። በስልክ አልከፍት ካለ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ኮፒ ማድረግ ይበቃል። ቀጥሎ በስልኩ የጉግል ሺት አፕ ላይ ፋይሉን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ማድረግ ነው፤ ኔትወርክ ጠፋም አልጠፋ ይሞላል።

ሺቱ ውስጥ ከአምስት ጥያቄ በላይ አታስገቡ፤ የሚሞላውም በየሁለት ሳምንቱ ይሁን። በየሳምንቱ ይሞላ የተባለ ቅጽ ብዙም ሳይቆይ ይረሳል፤ ሠላሳ ጥያቄ ያለው ደግሞ ሳይነበብ ይሞላል።

አብዛኛው ቅጽ የሚበላሸው በጥያቄዎቹ አጻጻፍ ነው። «ተማሪዎችን በንቃት አሳትፋለሁ» ለሚል ዓረፍተ ነገር ማንም ከ4 በታች አይሰጥም፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ስለ ሰውየው ማንነት ነው። ይህንኑ ጥያቄ ወደ ድርጊት አውርዱት፦ «ዛሬ ባስተማርኩት ክፍለ ጊዜ እጃቸውን ካላወጡት ውስጥ ስንት ተማሪ በስም ጠራሁ?» አሁን መልሱ ቁጥር ነው፤ 0 ሊሆን ይችላል፣ 6 ሊሆን ይችላል። «ምዘና እጠቀማለሁ» በማለት ፈንታ «ከክፍል ከመውጣቴ በፊት ስንቱ ተማሪ እንደገባው በምን አወቅሁ?» ብላችሁ አራት ምርጫ ስጡ፦ አላወቅሁም፤ «ገባችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ጥቂት ልጆች ሰሌዳ ላይ ሠሩ፤ ሁሉም አንድ ጥያቄ በወረቀት ሠርቶ ሰጠኝ። መምህሩ ምርጫዎቹን ሲያነብ የሚቀጥለው ደረጃ ምን እንደሚመስል አብሮ ያያል።

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ለመምህራን ያወጣው ሴልፊ የተሰኘ ነፃ መሣሪያ ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። 32 ጥያቄዎች አሉት፤ በየጥያቄው ሥር ደረጃ በደረጃ የሚወጡ መግለጫዎች ተቀምጠዋል። የሚመዝነው ግን የዲጂታል ብቃትን ብቻ ነው። ጠመኔና ሰሌዳ ይዞ ስልሳ ተማሪ ለሚያስተምር መምህር ይዘቱ ብዙም አይጠቅምም፤ አሠራሩን ግን መውሰድ ይቻላል።

ቁጥሩን ከየት እናምጣ? ከትውስታ አይሁን። ክፍል ውስጥ የሆነውን ከምሳ በኋላ ማስታወስ ከባድ ነው። ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አድርጋችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ በድምፅ ቅዱ። የ40 ደቂቃ ድምፅ በመካከለኛ ጥራት ከ20 እስከ 40 ሜጋባይት ይይዛል። ቪዲዮ አልመክርም፤ የሕፃናት ፊት ይገባበታል፣ ፋይሉም ከባድ ነው። ሙሉውን ማዳመጥም አያስፈልግም፤ ከመካከሉ 10 ደቂቃ ወስዳችሁ አንድ ነገር ብቻ ቁጠሩ። ለምሳሌ ጥያቄ ከጠየቃችሁ በኋላ ራሳችሁ ወይም አንድ ተማሪ እስኪናገር ድረስ ስንት ሰከንድ አለፈ? አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት መምህራን በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲል ደግሞ የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ሳይመልሱ የሚቀሩት እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። የራስን ድምፅ ሰምቶ ይህን መቁጠር ከማንኛውም የ5 ነጥብ ሚዛን የበለጠ ያስተምራል። ተማሪዎቹ እየተቀዱ መሆኑን ቀድመው ይወቁ፤ ቆጥራችሁ እንደጨረሳችሁም ፋይሉን አጥፉት።

ሁለተኛው ነገር የትምህርት ክፍሉ ፎርም ነው። በሴሚስተር ሁለት ጊዜ፣ በአራተኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይዞ ይሞላል። ኢሜይል መሰብሰብ የሚለውን አጥፉ። «አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውንም አጥፉ፤ እሱ ከተከፈተ ፎርሙ በጉግል አካውንት ግቡ ይላል፣ ሊንኩ በቴሌግራም ውስጥ ሲከፈትም መምህሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይሰናከልና ይተወዋል። ስም ባይጠየቅም ፎርሙ የተሞላበትን ሰዓት መመዝገቡን አትርሱ። ስድስት መምህራን ባሉበት የትምህርት ክፍል ማን ማታ 4 ሰዓት ላይ እንደሞላ መገመት አይከብድም። መፍትሔው ሁሉም በአንድ ስብሰባ፣ በተመሳሳይ 10 ደቂቃ ውስጥ እንዲሞሉ ማድረግ ነው። ከአምስት ሰው በታች ያለው የትምህርት ክፍል ደግሞ ከሌላ ተቀራራቢ ክፍል ጋር ተደምሮ ይታይ።

ኔትወርክ በማይታመንበት ቦታ በአንድሮይድ የሚሠራው ኮቦ ኮሌክት የተባለው የቅጽ መሙያ አፕ ይሻላል። ቅጹን አንዴ ካወረዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ይሞላል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ችግር ሞልቶ «ሴቭ» ካሉ በኋላ መላክን መርሳት ነው፤ መልሱ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ የተሞላውንና የደረሰውን ቁጥር እዚያው አመሳክሩ።

መልሱ ከተሰበሰበ በኋላ አማካይ አታስሉ። 1 እና 3 የሞሉ ሁለት መምህራን አማካያቸው 2 ነው፤ 2 የሆነ ሰው ግን የለም። ለእያንዳንዱ ምርጫ ስንት ሰው እንደመረጠው ቁጠሩ፤ «ካውንትኢፍ» የምትባለው የጉግል ሺት ቀመር ትበቃለች።

የትምህርት ቤት ጥራት ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እንበል ከዘጠኝ የሒሳብ መምህራን ሰባቱ «የቤት ሥራ ላይ የጽሑፍ አስተያየት አልሰጥም» አሉ። ይህ የሰባት ሰነፍ መምህራን ታሪክ አይደለም። 65 ተማሪ ያለባቸው አምስት ሴክሽኖችን የሚይዝ መምህር 325 ደብተር አለው፤ ለአንዱ 2 ደቂቃ ቢሰጥ ወደ 11 ሰዓት ይወስድበታል። ይህን በየሳምንቱ እንዲያደርግ መምከር ዋጋ የለውም። በሳምንት ከየሴክሽኑ 13 ደብተር ብቻ ቢወስድ ግን ሥራው ወደ 130 ደቂቃ ይወርዳል፣ በአምስት ሳምንት ውስጥም ሁሉም ተማሪ ይደርሰዋል። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ትምህርት ክፍሉ ይወስናል፣ ርእሰ መምህሩ በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ያግዘዋል። በተቃራኒው ከዘጠኙ አንድ ብቻ የተቸገረበት ነገር ከሆነ የስብሰባ አጀንዳ አይሁን፤ ያ መምህር በራሱ ሺት ያየዋል፣ ከፈለገም የሚያምነውን ባልደረባ ለክፍል ምልከታ ይጋብዛል።

የተጋበዘው ባልደረባ ሁለት ገጽ የምልከታ ቅጽ ይዞ አይግባ። መምህሩ በራሱ ሺት የቆጠረውን አንዱን ነገር ብቻ ይቁጠር። መምህሩ ከጠራቸው ውስጥ እጅ ያላወጡትን 5 ቢል፣ ተመልካቹ 2 ቢቆጥር፣ በዚያ ልዩነት ላይ የሚደረገው የሩብ ሰዓት ውይይት የግምገማው ዋና ፍሬ ነው። ተማሪዎችንም መጠየቅ ይቻላል። ስልክ ይዘው የማይገቡ ከሆነ ጥያቄው ይነበብላቸውና ስም በሌለው ቁራጭ ወረቀት ይመልሱ፤ ወረቀቱን የክፍል አለቃው ሰብስቦ ለመምህሩ ብቻ ይስጠው።

በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራ ይጠበቃል። ከሺቱ የወጣው አንድ ችግር የዓመቱ ዕቅድ ርዕስ ቢሆን ሰዓቱ ለይስሙላ አይሞላም። ፖርትፎሊዮው (የመምህሩ የሙያ ማሻሻያ ማኅደር) ውስጥ የሚገባው ግን ጥሬው ነጥብ መሆን የለበትም፤ የተመረጠው ችግር፣ የተሞከረው ነገርና የታየው ለውጥ በአንድ ገጽ ይበቃሉ። ርእሰ መምህሩ ሊያውቅ የሚገባው ምን ያህል መምህራን እንደሞሉ፣ ትምህርት ክፍሉ የትኛውን አንድ ጉዳይ እንደመረጠና ከአስተዳደሩ ምን እንደሚፈልግ ነው። ይህም በሴሚስተሩ መጀመሪያ በቃለ ጉባኤ ይስፈርና ይፈረምበት፤ ርእሰ መምህር ሲቀየር ስምምነቱ አብሮ እንዳይሄድ።