ግድግዳ ላይ የተሰቀለው በራሪ ጽሑፍ

ጅማ ውስጥ ለቡና አምራቾች የምክር ጽሑፍ በሚያዘጋጅ አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ በዓመቱ ግምገማ ላይ ከሁሉ በላይ ያከራከረን ጉዳይ ከሁለት በራሪ ጽሑፎች የትኛው ዳግም ይታተም የሚለው ነበር። ሁለቱም በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው ቡና የሀገር ኢኮኖሚ ዋልታ መሆኑን በማወደስ ይጀምርና፣ ገበሬው ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለበት ሳይነግረው ያልቃል። ሁለተኛው ግን ቀይ እሸት ብቻ እንዲለቀም፣ በተለቀመበት ዕለት ከመሬት ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሳስቶ እንዲሰጣ፣ ሌሊትና ዝናብ ሲመጣ እንዲሸፈን፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ እስኪወርድ እንዲጠበቅ፣ መለኪያ የሌለው ደግሞ ጀንፈሉን፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡና፣ ነቅንቆ ፍሬው ውስጡ ሲንኳኳ እንዲያዳምጥ በአጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ያስረዳል። ወደየወረዳው ከተላኩት ውስጥ የመጀመሪያው ወዲያው አለቀ፤ ሁለተኛው መጋዘን ውስጥ አቧራ ጠጣ። ኃላፊያችን ቁጥሩን አይተው «እንግዲህ ሕዝቡ ፈርዷል» አሉ።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ባለሙያ ግን «የፈረደው በጽሑፉ ላይ መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። መልሱን ያገኘነው መና ወረዳ ውስጥ ለሥራ ስንዘዋወር ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ በየቤቱ በሚስማር ተመትቶ ተሰቅሏል፤ ወደ ሰው የዞረው ግን ጀርባው ነበር። ጀርባው ላይ የ13ቱ ወራት መቁጠሪያ፣ አጽዋማቱና የክርስቲያኑ በዓላት ከረመዳንና ከዒድ ጋር ሰፍረውበታል። ዋናው ጽሑፍ ፊቱን ለጭቃው ግድግዳ ሰጥቷል።

ይህን የምናገረው ለማናናቅ አይደለም፤ ሰው ወዶ ቤቱ የሚያስገባውን ወረቀት ማዘጋጀት ቀላል ሥራ አይደለም። ሆኖም ምስጋናው የሚገባው ለመቁጠሪያው እንጂ ለአዘጋጁ ብዕር አልነበረም። ጋሼ መቁጠሪያውን ወደ ሁለተኛው ጽሑፍ ጀርባ አዛወሩት። በዚያ ዓመት እሱም ተሻምቶ አለቀ፣ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተሰቀለ። ተፈላጊነቱ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ከሁለቱም ጽሑፎች አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም ነበር።

በቀጣዩ ኅትመት ሁለቱንም ጽሑፎች ለየብቻቸው፣ እያንዳንዳቸውን ከመቁጠሪያው ጋር በአንድ ፊት አሳተምናቸው። የጽሑፎቹ ልዩነት የታየው ያን ጊዜ ነው። አንባቢዎቹ የሚያስታውሱትን እንዲነግሩን ስንጠይቅ፣ ከሁለተኛው የአልጋውንና የጀንፈሉን ነገር በቅደም ተከተል የሚነግሩን ብዙዎች ሲሆኑ፣ ከመጀመሪያው የሚታወሰው ቡና ጠቃሚ መሆኑ ብቻ ነበር፤ ይህን ደግሞ ገበሬው ከእኛ አልተማረውም። የእርጥበቱን መቶኛ ግን ከሁለተኛው አንባቢዎችም ያስታወሰ አልተገኘም። ጋሼ ያንን መስመር ሰርዘው፣ የጀንፈሉን መንኳኳት ወደ ላይ አወጡት።