«ጭምት» የሚለው ቃል ያስተማረኝ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለመምህርነት ሠልጣኞች ሥነ ልቦና ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የስብዕና ንድፈ ሐሳብ መመዘኛዎችን በቃል አስጠናሁ፦ ሊፈተን የሚችል፣ እርስ በርሱ የማይጣረስ፣ በጥቂት ሐሳብ ብዙ የሚያስረዳ፣ ለአዲስ ምርምር በር የሚከፍል። ፈተና ላይ ሁሉም አነበነቡት። ስለ ሁለት የስብዕና ንድፈ ሐሳብ አመንጪዎች፣ «ከፍሮይድና ከአይዘንክ የማን ይሻላል? ለምን?» ለሚለው ጥያቄ ግን «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» ከማለት ያለፈ አልነበረም። ሚዛኑን ሰጥቼ የሚመዘን እህል አላቀረብኩላቸውም ነበር።

በዓመቱ አካሄዴን ቀየርኩ። ስለ ጠባያቸው መጠይቅ አስሞላሁና ከሳምንት በኋላ ለየአንዳንዳቸው የታጠፈ ወረቀት ሰጠሁ። ወንድና ሴት እንዳይለይ በአንቱታ ጻፍኩት፦ «ሲያዩዎት ጠንካራ ነዎት፤ ውስጥዎ ግን ብዙ ይጨነቃል።» አብዛኞቹ «ልክ እኔን ነው» አሉ። ከብቸና የመጣች ልጅ የራሷን ጮክ ብላ ስታነብ ጎኗ የተቀመጠው ልጅ ወረቀቱን ገልጦ አብሯት ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። ጽሑፉ ለሁሉም አንድ ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1948 ይህንኑ በ39 ተማሪዎች ሲሞክረው ለትክክለኛነቱ ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጥተውታል።

አንዱ ተማሪ ኮከብ ቆጠራን አነሳ፤ የራስና የእናት ስም ተደምሮ፣ በ12 ተገድፎ የሚወጣውን። «ምን ብሆን ነው ኮከቤ ተሳሳተ የሚባለው?» አለ። ፈላስፋው ካርል ፖፐርም ፍሮይድን የሞገተው በዚሁ ነው፦ ሕፃን ውኃ ውስጥ የሚወረውረውንም፣ ሕፃኑን ለማዳን ዘሎ የሚገባውንም እኩል የሚያስረዳ ሐሳብ በምን ይረታል? አይዘንክ ግን ራሱን ለፈተና አጋልጧል። ከንድፈ ሐሳቡ ተነስቶ፣ ጭምት ሰው ምላሱ ላይ ሎሚ ሲንጠባጠብበት ከተግባቢና ተጫዋች ሰው ይልቅ ብዙ ምራቅ ያወጣል ብሎ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ምራቅ ደግሞ ይለካል።

እዚህ ላይ ከሞጣ የመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ጭምት ያሉት ማንን ነው፣ መምህር? እናቴ ጭምት ሁን እያለች ነው ያሳደገችኝ። ሽማግሌ ፊት አልናገርም፤ ገበያ ላይ ግን የሚቀድመኝ የለም።»

መልስ አልነበረኝም። የእንግሊዝኛውን ቃል «ኢንትሮቨርት» «ጭምት» ብዬ ስተረጉመው አንድን ጠባይ ከጨዋነት ጋር ቀላቅዬዋለሁ። ነገሩ ከትርጉምም ያልፋል። ኦልፖርትና ኦድበርት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1936 ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ወደ 18,000 የሚጠጉ ሰውን የሚገልጹ ቃላት ለቀሙ፤ ዛሬ የሰው ስብዕና የሚለካባቸው «አምስቱ ታላላቅ ባሕርያት» የሚባሉትም የተወለዱት ከዚህ የቃላት ጎተራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በቦሊቪያ አራሽና አዳኝ በሆኑት ቺማኔዎች ዘንድ አምስቱን አላገኘም፤ ጎልተው የወጡት ለሰው በጎ መሆንና ታታሪነት ናቸው። ይህን ሳነብ የሞጣው ልጅ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ከመመዘኛዎቹ ሁሉ በፊት ትርጓሜው መፈተሽ እንዳለበት የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አንድን ሰው በአንድ ቃል ስንሰይመው የትኛውን ውሎውን ነው የያዝነው?

አሁን መጠይቅ ሳዘጋጅ ከያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ክፍት ቦታ እተዋለሁ፦ «የት? ከማን ጋር?» ተማሪዎቼ ብዙ የሚጽፉት እዚያ ቦታ ላይ ነው።