ወለዱን ሳሰላ ጣሪያው ቀደመኝ

ጅማ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ጣውላ ለማስላግ ወደ ሌላ ድርጅት እያመላለስሁ በወር 12,000 ብር እከፍል ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የራሴን መላጊያ ማሽን ልገዛ ቆረጥሁ። ዋጋው 500,000 ብር ነበር።

ደብተር አውጥቼ አሰላሁ። በዓመት 144,000 ብር ይቀርልኛል፤ ለመብራት፣ ለቢላዋና ለጥገና 30,000 ሲቀነስ 114,000 ይተርፋል። ይህ የማሽኑን ዋጋ 23 በመቶ ያህል ነው። የባንኩ ወለድ 17 በመቶ ስለነበር፣ የማሽኑ እርጅና ቢታሰብም ያዋጣል አልሁ። የአገሪቱ የዋጋ ንረት ደግሞ ወደ 30 በመቶ ይጠጋ ነበር። ተበዳሪው የሚመልሰው ብር ከተበደረው ብር ያነሰ ይገዛል ማለት ነው። ብድር እንዲህ ሲረክስ ፈላጊው ይበዛል፤ እኔ ግን ይህን የተረዳሁት ሰልፉ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። መስከረም ላይ ማመልከቻዬን ይዤ ስቀርብ የብድር ሠራተኛዋ «ወንድሜ፣ ሥራህ ጥሩ ነው፤ የምንሰጠው ግን የለንም» አለችኝ። ወለድ ሲጨምር ኢንቨስትመንት ይቀንሳል ተብለን ተምረናል። እኔን ያስቆመኝ ወለድ አልነበረም፤ ወለዱን ለመክፈል ዝግጁ ነበርሁ። ብድር በዋጋው ሳይሆን በመጠኑ ሲገደብ፣ በእኔ እምነት፣ የሚያገኘው የተሻለ ሥራ ያለው ሳይሆን ጠንካራ መያዣ ያለው ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ከባንኮች ጋር ሲበዳደር መነሻ የሚያደርገውን ወለድ፣ አወጣ፤ የብድር ጣሪያው ግን አልተነሣም። በዚያው ወር በ22 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብር ሲረክስ የማሽኑ ዋጋም 800,000 ብር ገባ። ማስላጊያውም ወደ 15,000 ስላደገ እንደገና አሰላሁ፤ ወጪው ሲቀነስ ትርፉ 19 በመቶ ያህል ብቻ ሆነ። ወለዱ ሲከፈል ለእርጅና የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወለዱ ሳይነካ የእኔ ፍላጎት በምንዛሪው ሞተ።

ስለዚህ ያገለገለ ማሽን ፈልጌ በ400,000 ብር ተስማማሁ፤ መስከረም 2017 ሃያ ሆነን እያንዳንዳችን በወር 20,000 ብር የምንጥልበት ዕቁብ ጀመርን። ታኅሣሥ ላይ ዕጣ የወጣለት ጓደኛዬ 30,000 ብር ተቀብሎ ተራውን ለቀቀልኝ።

ዕቁብ ወለድ የለውም ሲባል እሰማለሁ። አለው፤ ቀድሞ የሚወስድ ተበዳሪ ነው፣ ዘግይቶ የሚወስድ አበዳሪ። የእኔ ዕጣ ወጥቶ ጓደኛዬ ብሩን የተረከበው ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። ለቤቱ በር ያሰበውን የዋንዛ ጣውላ ዋጋ ጠይቆ ሲመለስ ፊቱን አየሁት፤ ሰላሳው ሺህ ጭማሪውን አልሸፈነለትም። ጣውላውን በዚያው ማሽን ያለ ክፍያ ላግሁለት፤ በሮቹንም እኔው ሠራሁለት።