እቴቴ፣ ጨረቃና ወንፊቱ

ደላላችን አንድ ነገር ሳይነግረን ቀረ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ቻይና ዝግ ናት። ብሔራዊ ቀናቸውና የመኸር አጋማሽ የጨረቃ በዓላቸው ተገጣጥመው፣ በፈረንጆቹ ከጥቅምት 1 እስከ 8 አገሩ በሙሉ እረፍት ላይ ነበር። ፋብሪካው ዝግ። ጅምላ ሻጩ የለም። ከቤጂንግ ወደ ጓንጁ የሚወስደን የባቡር ትኬት አልቋል። አክስቴ እቴቴ ሆቴሉ በር ላይ ሻንጣዋን ወንበር አድርጋ ለደላላው ደወለች። አላነሳም። እሱም እረፍት ላይ ነው መሰለኝ።

"በቃ እንጎብኛ!" አለች።

እቴቴ ጉብኝት ስትል ዋጋ መጠየቅ ማለቷ ነው።

መጀመሪያ የመጣብን ኬኩ ነው። የጨረቃ ኬክ ይሉታል። ለበዓሉ ሁሉም ለሁሉም ይሰጣል፤ ሆቴሉም ለእንግዶቹ አደለ። ሳጥኑ ቀይና ወርቃማ ሆኖ የሙሽራ ጌጥ የያዘ ይመስላል። ውስጡ ግን ትንሽ ሆኖ የሚከብድ፣ ክብ ኬክ ነው። በሎተስ ፍሬ ድልህ ይሞላል። መሃሉ ላይ በጨው የተዘፈዘፈ የዳክዬ አስኳል ይቀመጣል። አስኳሉ ሙሉ ጨረቃ መሆኑ ነው። ሊጡ ውስጥ ደግሞ የአሳማ ስብ ሊኖር ይችላል።

አሁን ጉዱን ስሙ። በዓሉ የዋለው ጥቅምት 6 ነበር። በእኛ መስከረም 26፣ የጽጌ ጾም መግቢያ! እቴቴ ደግሞ "የፈቃድ ጾም ነው" ብላ የምታልፍ ሰው አይደለችም። አስኳል፣ የአሳማ ስብ፣ ጾም። አንድ ኬክ ለእቴቴ እንዳይሆን ተብሎ ቢጋገር ከዚህ በላይ አይሳካም።

ስጦታ አይመለስም። ስለዚህ ከሳጥኑ ሥር በፓርከር "እ" ብላ ጻፈችበት። እጇ የገባ ዕቃ ሁሉ ካርጎ ላይ እንዳይጠፋ "እ" ይጻፍበታል፤ የሚሰጥ ይሁን የሚሸጥ ለእሷ ለውጥ የለውም። ከዚያ ክፍላችንን ለምታጸዳው ሴት ሰጠቻት። ሴትየዋ በደስታ ተቀበለች። ደስታዋ ግን ትንሽ የሠለጠነ ደስታ ነበር።

ማታ ጨረቃ ልናይ ወጣን። ሐይቁ ዳር ሕዝብ እንደ ጉድ ፈስሷል። ሕፃናቱ ፋኖስ ይዘዋል። ሰማዩ ደመና ነው። ሰዉ ሁሉ ስልኩን ወደ ደመናው ቀስሮ ፎቶ ያነሳል። እኔም አነሳሁ። አንድ ግራጫ ፎቶ አለኝ፤ የፈለገ ይምጣና ይይ።

በማግስቱ ወደ ታላቁ ግንብ ስንሄድ አስጎብኛችን መኪና ውስጥ አንድ ሳጥን በሁለት እጁ ለእቴቴ አቀረበ። ቀይና ወርቃማ። እቴቴ ገልብጣ አየችው። "እ" ይላል።

ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ አስጎብኚው በስንት እጅ እንደዞረ እግዜር ይወቀው። ቻይናውያኑ ራሳቸው እኮ በዚህ ኬክ ብዙ ጣጣ አይተዋል። በ2013 (ከዚህ በኋላ ዓመት የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው) ባለሥልጣናት በመንግሥት ገንዘብ የጨረቃ ኬክ ገዝተው እንዳይሰጣጡ ፓርቲው እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። እቴቴ ግን ፊቷን ሳትለውጥ ሳጥኑን ጭኗ ላይ አደላደለች። "ዞሮ ዞሮ ከቤት" አለችኝ።

መንገድ ላይ ጠየቀችኝ። "ከጨረቃ ላይ የሚታየው ግንብ ይሄ አይደል?"

እንደማይታይ ነገርኳት። ያንግ ሊዌ የሚባለው የመጀመሪያው ቻይናዊ ጠፈርተኛ በ2003 ምድርን ዞሮ ሲመለስ "ግንቡን አላየሁትም" ብሏል። እሱ እንኳ ጨረቃ ድረስ አልሄደም። ጨረቃ 384,000 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ግንቡ በጠቅላላው 21,196 ኪሎ ሜትር ቢረዝምም ስፋቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው።

"ስለ ርዝመቱ እያወራን ስፋቱን ማን ጠየቀህ?" አለች።

አስጎብኚው ነገሩን ለማብረድ የቻንግአን ተረት ጀመረ። ቻንግአ የማያስሞት መድኃኒት ጠጥታ ወደ ጨረቃ በረረች። እዚያ አንዲት ጥንቸል መድኃኒት ስትወቅጥ ትኖራለች። ጃፓንና ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ጥንቸሏ የምትወቅጠው ሩዝ ነው ይላሉ።

"ባሏስ?" አለች እቴቴ።

"ምድር ላይ ቀረ።"

"ምን አድርጓት ነው?"

አስጎብኚው ይህን ተጠይቆ የሚያውቅ አይመስልም። እኔ ገባሁበት። በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ሊያርፉ ሲሉ ከሂውስተን "አንዲት ቆንጆና አንድ ትልቅ ጥንቸል አሉ ይባላል፤ እስቲ ተመልከቱ" ተብለው፣ እነሱም ዓይናችንን እንጥላለን ብለው ነበር። ቻይናም መንኮራኩሮቿን በቻንግአ ስም ጠርታ፣ በ2019 አንዷን ከጨረቃ ጀርባ አሳርፋለች። የጥንቸሏን ስም የያዘች ተሽከርካሪም ጭናባታለች።

"አየህ፣ እስከ ዛሬ እየፈለጓት ነው" አለች።

የወጣንበት የግንቡ ክፍል ሙቲያንዩ ይባላል። ስለ ግንቡ ብዙ የምለው የለም፤ ያየሁት በአብዛኛው የሰው ጀርባ ነው። መውረጃው ግን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ከፈለጉ 1,580 ሜትር በሚረዝም የብረት ቦይ፣ በትንሽ ጋሪ ተቀምጠው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። እቴቴ "ሞቼ ነው!" አለች። አስጎብኚው ቀስ ብሎ "ሚሼል ኦባማ በ2014 በዚህ ነው የወረደችው" አላት። አለቀ። ነጠላዋን አጣፍታ ጋሪው ላይ ተቀመጠች።

ጋሪው አንድ ዘንግ አለው። ወደ ፊት ሲገፉት ይሮጣል። ወደ ራስ ሲስቡት ይቆማል። እቴቴ የያዘችው ሁለተኛውን ብቻ ነው። እየሳበች፣ እየሳበች፣ በኤሊ ፍጥነት ወረደች። ከኋላዋ እኔ አለሁ። ከእኔ ኋላ ግማሽ ቻይና ተሰልፏል። በየኩርባው የቆሙት ጠባቂዎች በድምፅ ማጉያ ይጮሁባታል። እሷ ሰላምታ መስሏት ጎንበስ እያለች አጸፋውን ትመልሳለች። በመጨረሻ አንዱ ጠባቂ ትዕግሥቱ አልቆ ጎንበስ አለና ዘንጉን ወደ ፊት ገፋላት።

እቴቴ በረረች። የቅዱሳንን ስም በተራ መጥራት ጀመረች። ገብርኤል ላይ ስትደርስ ነጠላዋ ተፈትቶ እኔ ፊት ላይ ተጠመጠመ። የቀረውን መንገድ የጎበኘሁት በነጠላ ውስጥ ነው። ታች ስንደርስ ጋሪዬ ጋሪዋን ገጨውና ሁለታችንም ተንጓጓን። ከኋላ የነበሩት አጨበጨቡ።

"ያ ሰውዬ ባይገፋኝ በደንብ ነበር የምወርደው" አለች፣ ነጠላዋን ከአንገቴ እየፈታች።

ከዚያ ጨርቅ ለመግዛት ወደ ዴልሂ በረርን። ታጅ ማሃልን ሳናይማ አንመለስም ተባለ። ሻህ ጃሃን በ1631 ለሞተችበት ሚስቱ ያሠራው ነው። በጨረቃ ብርሃን ሲታይ ልዩ ነው አሉን። የጉዞ ወኪሉ አግራ አደረሰን። ዕለቱ ዓርብ ነው። ታጅ ማሃል ዓርብ ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው! የሌሊቱ ጉብኝት ደግሞ ሙሉ ጨረቃ በወጣችበት ሌሊት፣ ከሱ በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ሁለት ሌሊቶች ብቻ ነው የሚፈቀደው። እሱም አልፏል። ወኪሉ ተደወለለት። ይሄኛው እንኳ አነሳ፤ "መልካም በዓል" ብሎ ዘጋው።

የምን በዓል? ያረፍንበት ቤት ስንደርስ ገባን። ያ ዓርብ ካርቫ ቻውት ነው። ባለትዳር ሴቶች ለባላቸው ረጅም ዕድሜ ብለው ጨረቃ እስክትወጣ ውኃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ጨረቃ ስትወጣ በወንፊት ያዩዋታል። ቀጥለው በዚያው ወንፊት ባላቸውን ያያሉ። እሱም ውኃ ያጠጣቸዋል።

የቤቱ እመቤት እቴቴን "በልተሻል?" አለቻት። አልበላችም፤ ዓርብ ነው፣ ቀኑን ሙሉም ስንንከራተት ነው የዋልነው። "ጾም ነሽ?" አዎ። ሌላ ጥያቄ አልተጠየቀም። እኔ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ሰገነቱ ላይ ስወጣ እቴቴ ቀይ ሻሽ ተደርጎላት፣ ወንፊት ይዛ፣ ከሴቶቹ መሃል ቆማለች። ምሽት ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ጨረቃዋ ብቅ አለች። እልልታው ሲቀልጥ እመቤቲቱ ክንዴን ያዘችና ከእቴቴ ፊት ገተረችኝ። አንዲት የውኃ ማሰሮም አስታቀፈችኝ።

"የእህቷ ልጅ ነኝ!" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እቴቴ በወንፊቱ ቀዳዳ አፍጥጣ አየችኝ። "ምን ሆነህ ነው የገረጣኸው?" አለች።

ነገሩ ሲገባቸው ሰገነቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ለባሏ በቪዲዮ ይደወል ተባለ። ጋሼ አነሱ። ስክሪናቸውን የሞላው ወንፊት ነው።

"ዱቄት ልትነፊ ነው ህንድ ድረስ የሄድሽው?" አሉ።

"ዝም በል፣ ዕድሜህን እያረዘምኩ ነው" አለች። ከዚያ ወንፊቱን አገላብጣ አየችው። ጠርዙ በቀይ ጨርቅና በሚያብረቀርቅ ክር ያጌጠ ነው። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ እኔ ዞረች። "ይሄ በጅምላ ስንት ነው በላት እስቲ።"